ቀንዱ ቀንድ አይደለም

በዚህ ምድር ላይ ለእያንዳንዱ ሰፈር፣ ለእያንዳንዱ መሥሪያ ቤትና ለእያንዳንዱ ቤተ ዘመድ አንድ "የአንድ ነገር ሰው" ተመድቦለታል። ማን እንደሚመድበው አይታወቅም፤ ሳይደርሰው የቀረ ግን የለም። አንዱ ጋ ነገሩ የድሮ ራዲዮ ነው፣ ሌላው ጋ የጫማ ሶል፣ ሌላው ጋ የገዛ ጨጓራው። ስለ ዳቦ አንሱ፣ ስለ ጎርፍ አንሱ፣ ስለ አክስታችሁ ጉልበት አንሱ፤ ወሬው ሳይሞቅ እጃችሁን ይዞ ወደዚያች ወደ አንዷ ነገር ያስገባችኋል። መውጫውን ስትፈልጉ ሻዩ ይቀዘቅዛል።

ለአንዲት አዋላጅ የደረሳት ባል ከእነዚህ አንዱ ነው። ለሌላዋ ሴት የሚጠጣ ይደርሳታል፣ ለሌላዋ የሚቆጣ ይደርሳታል። ለእሷ ቀንድ አውጣ የሚወድ ደረሳት። እናቷ በጊዜው "ከመጥፎ ይሻላል" ብለው ነበር፤ እሷም እስከ ዛሬ ሲያበሳጫት ይህችን ቃል ለራሷ ትደግማታለች።

ባልየው የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነው። የተቀጠረው ሕይወት ያለውን ሁሉ እንዲያስተምር ነው፤ እሱ ግን ጊዜውን የሚያከፋፍለው በራሱ ፍትሕ ነው። አንበሳ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል። ዝሆን ከነኩምቢው ግማሽ ክፍለ ጊዜ አይሞላውም። ቀንድ አውጣና ዘመዶቿ ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ይወፍራል፣ ጠመኔው በእጁ ላይ ይቀራል፣ ደወሉ ቢደወል አይሰማም። ሳይንሱ ሞለስክ ይላቸዋል። እሱ ገላቸው አጥንት የለሽ ልስልስ ስለሆነ "ለስላሶቹ" ይላቸዋል። "በዝርያ ብዛት እነ ጉንዳን፣ እነ ሸረሪት፣ እነ ሸርጣን ካሉበት ወገን ቀጥለው ሁለተኛ ናቸው!" ይላል ደረቱን ነፍቶ፣ የገዛ ዘመዶቹን ሹመት የሚያወራ ይመስል። "ባሕር ውስጥ አሉ። ወንዝ ውስጥ አሉ። እዚህ አጥራችን ላይ አሉ። እንግዶቹ እኛ ነን!"

አንድ ጊዜ የሒሳብ መምህሩ ልቡን ታሞ ሆስፒታል ገባ። ጓደኞቹ ብርቱካን ይዘው ሄዱ፤ ምሕረቱን ያምጣልህ፣ አይዞህ አሉት። የእኛ ክቡር መምህር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ትንሽ አሰላሰለ። "አየህ፣ የአንተ ችግር አንድ ልብ ብቻ መያዝህ ነው" አለው። "ከለስላሶቹ አንዷ፣ ባለ ስምንት እጇ ኦክቶፐስ፣ ሦስት አላት። ደሟም ሰማያዊ ነው። ታዲያ ስትዋኝ ዋናው ልቧ ቀጥ ስለሚል፣ ከመዋኘት ይልቅ መዳህ ትመርጣለች። አንተም ደረጃውን በሩጫ መውጣት ተውና ዳህ።" አጠገቡ ቆማ የነበረችው አዋላጇ ሚስቱ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር። በሽተኛው ግን አልጋ ከያዘ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ነርሷ መጥታ እስክትቆጣቸው ድረስ ሳቀ። ድኖ ከወጣ በኋላም ትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ሲገናኙ "እየዳህኩ ነው" ይለዋል።

ሌላ ጊዜ ባልና ሚስቱ ጌጣጌጥ ቤት ገቡ። የትዳራቸው ሃያ አምስተኛ ዓመት ስለነበር እሷ አንድ የአንገት ሉል ዓይኗ ገባ። "ይሄ እንዴት ነው?" አለችው። ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብሎ አየና "ምስኪን!" አለ። ሻጩ ሴትዮዋን ያለ መስሎት ደነገጠ። "ሉሉን የሠራችውን የባሕር ለስላሳ፣ ኦይስተሯን ማለቴ ነው" አለ መምህሩ። "አንድ የማይፈለግ ነገር ገላዋ ውስጥ ይገባባታል። ማስወጣት ያቅታታል። ስለዚህ የዛጎሏን ልባስ ትደርብበታለች፣ ደግማ ትደርብበታለች። ሉል ብላችሁ የምትሸጡት የአንዲት ምስኪን ብስጭት ነው።"

"እንዲያ ከሆነማ እኔ እስካሁን አንድ ሙሉ ክር ሠርቻለሁ" አለችው አዋላጇ። ሉሉ ሳይገዛ ወጡ።

ለርዕሰ መምህሩ ያመጣው ስጦታም አለ። ቀንድ አውጣ በድርቅ ጊዜ የዛጎሏን በር በስስ ሽፋን ዘግታ ወራት ትተኛለች። መምህሩ ይህን ከማንም በላይ እያወቀ፣ ባዶ ነው ብሎ ያነሳውን አንድ የሚያምር ዛጎል ወልውሎ የወረቀት መጫኛ ይሁንዎት ብሎ ሰጣቸው። ርዕሰ መምህሩ አንድ ቀን የውሃ ብርጭቋቸውን ደፉበት። ተመልሰው ሲመጡ ስጦታው የፈተናውን ወረቀት አቋርጦ፣ ፊርማቸውን በልቶ፣ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቆሞ ያያቸዋል። መምህሩ ተጠርቶ ሲሄድ ይቅርታ ከመጠየቅ ፈንታ እልል ሊል ምንም አልቀረውም።

ተረት ብትነግሩትም አይለቃችሁም። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ብትሉት ዓይኑ ያበራል። "ይህን ያለ ሰው እሷን ያውቅ ነበር! የዶሮዋ መጀመሪያ ጫጩት ሆና፣ ላባ አብቅላ፣ ስንት ጣጣ አለባት። የእሷ እንቁላል ግን ገና ሲፈለፈል ቤቱን ተሸክሞ በእግሩ ይሄዳል፤ ያውም በአንድ እግር!"

ከሁሉም ግን ሰውን ያስቸገረው የስሙ ነገር ነው። ቀንድ አውጣ የሚለውን ስም ሲሰማ መምህሩ ጥርሱን እንደሚያመው ሰው ፊቱን ይቋጥራል። "የቱ ነው ቀንዱ?" ይላል። "ቀንድ የሚዋጉበት ነገር ነው። እሷ ማንን ወግታ ታውቃለች? እነዚያ ከላይ ያሉት ሁለት ዘንጎች ጫፋቸው ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ ምን ትመስላችኋለች? ዓይን ናት! ከታች ያሉት አጫጭሮቹ ማሽተቻ ናቸው። ቀንዱ ቀንድ አይደለም። ስለዚህ ትክክለኛ ስሟ…" ይልና እዚህች ላይ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ "ዓይን አውጣ ነው!"

ችግሩ ይታያችኋል። በዚህ ቋንቋ ዓይን አውጣ ማለት ፊቱን በጨው የታጠበ፣ እፍረት የሚባል ያልፈጠረበት ሰው ማለት ነው። ይህን ለመምህሩ ያልነገረው የለም። እሱ "የሰዎቹ ጥፋት ነው፤ ቃሉ ቀድሞም የሚገባው ለእሷ ነበር" ብሎ ይመልሳል። ቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ታች የምትኖረው ጡረተኛ የስልክ ኦፕሬተር አንድ ጠዋት ግቢው ውስጥ ካለው መደብ ጎመን እየቀጠፈች ሳለ፣ እሱ በመስኮት ብቅ ብሎ "እትዬ! ዓይን አውጣዋ ጎመኑ ላይ ናት!" ብሎ ጮኸ። ቅጠሉ ላይ ያለችውን ቀንድ አውጣ ማለቱ ነበር። እንደ አጋጣሚ ሆኖ ደግሞ ጎመኑ የኦፕሬተሯ አልነበረም፤ የጎረቤት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋን ነስታዋለች፣ ከጎመን ቀጠፋም ታቅባለች።

የሚገርመው፣ እሱ ራሱ ከዚህ ቃል እጅግ የራቀ ሰው ነው። ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት አፍሮ መጨረሻው ድረስ ሄዶ በእግሩ የሚመለስ፣ ፀጉር አስተካካዩ ጆሮውን ቢቆርጠው "አመሰግናለሁ" ብሎ የሚወጣ፣ ሲበዛ ዓይን አፋር ነው። አፉ የሚፈታው ለለስላሶቹ ብቻ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ነው አዋላጇ ለአንድ የእሁድ ምሳ ዝም ማሰኘት የነበረባት።

ጉዳዩ የአንድያ ልጃቸው ጉዳይ ነበር። ልጅቷ ፋርማሲስት ናት። የምትወደው ልጅ አለ፣ እሱም ይወዳታል። የቀሩት የልጁ እናት ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ናቸው። "ቤተሰቡን በዓይኔ ሳላይ የሠርግ ቀን አልቆርጥም" ብለዋል። ቅዳሜ ማታ ልጅቷ ወጥ ቤት ገብታ እናቷ ጀርባ ቆመች።

"እማዬ፣ አባዬን ግን…"

"አባትሽን ምን?"

"ታውቂያለሽ።"

ታውቃለች። ባሏን ሳሎን ጠርታ አስቀመጠችው፤ ምጥ የያዛትን ሴት እንደምታረጋጋበት ባለ ድምፅ ጀመረች። "ነገ ስለ ለስላሳ እንስሳ አንዲት ቃል እንዳትወጣህ።"

"አንዲትም?"

"አንዲትም። የልጅህ ነገር ነው። ዝም አይነቅዝም።"

"ስለ ምን ላውራ ታዲያ?"

"ሰው ስለሚያወራው።"

"ሰው ስለ ምን ያወራል?" አለ፤ የምር ነበር የጠየቀው። እሷም ስታስበው ቶሎ አልመጣላትም። "ስለ አየሩ" አለችው በመጨረሻ። እሱ ወደ ልጅቷ መኝታ ክፍል በር አየት አደረገና "እሺ፣ ቃሌ ነው" አለ። ቃሉን የሚበላ ሰው አይደለም፤ ጥፋቱም የመጣው ከዚሁ ነው።

እሁድ እኩለ ቀን ላይ እንግዶቹ መጡ። ክብርት ዳኛዋ ተራ ወንበር ላይ ቢቀመጡም ወንበሩ ችሎት ይሆናል። ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው፤ ሳሎኑን ከጥግ እስከ ጥግ በዓይናቸው ለክተው፣ የተሻለውን ቦታ አግኝተው ተቀመጡ። ልጃቸው መሐል ላይ ሆኖ ላቡን ይጠርጋል። ጠረጴዛው ላይ ሾርባው፣ ሩዙ፣ የዶሮ ጥብሱና አዋላጇ ሦስት ጊዜ ያጠበችው ሰላጣ ተደርድሯል።

መምህሩ የተዘጋጀበትን ተናገረ። "ዛሬ ደመና ነው" አለ። መስኮቱ ላይ ፀሐይዋ እንደ ፋና ታበራለች።

"እንዴት?" አሉ ዳኛዋ።

"ማለቴ፣ ትናንት ነበር። እርጥበትም ነበረው። እርጥበት ሲኖር ደግሞ ከየጉድጓዱ…" አለና የሚስቱ ጫማ ጠረጴዛው ሥር ቁርጭምጭሚቱን ስላገኘችው ዓረፍተ ነገሩን ዋጠው።

"መጠጥ ምን ላምጣ?" አለች ልጅቷ ቶሎ ብላ።

"እኔ እንኳ ለስላሳ ነው የምወደው" አሉ ቀያሹ።

የመምህሩ ፊት በራ። አገር ለአገር ተንከራትቶ ወንድሙን ያገኘ ሰው ነው የሚመስለው። አፉን ከፈተ፣ ሚስቱን አየ፣ አፉን ዘጋ። ልጅቷ ብርቱካን ለስላሳ ቀድታ ሰጠቻቸው። አዋላጇ ይህን ስታይ ሳቋ መጣ፣ ከሳቁ ጋር ደግሞ አንድ የማታውቀው ጭንቀት። ይህ ሰው እንዲህ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ አይታው አታውቅም።

ምሳው ቀጠለ። ቀያሹ "ቤታችሁ ጠበብ ቢልም ሞቅ ያለ ነው" አሉ፤ መምህሩ ስለ ቤት የሚያውቀው ሁሉ ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ዳኛዋ "አንድ ልጅ ብቻ አልከበዳችሁም?" አሉ፤ መምህሩ ራሱን ነቀነቀ። "ጡረታ ሲወጡ ምን ሊሠሩ አስበዋል?" አሉት፤ ሩዙን አየ። ጥያቄው በመጣ ቁጥር ትከሻው ወደ ውስጥ ይገባል፣ አንገቱ ያጥራል። ወሬ የሚወድ ሰው ዝም ሲል ዝምታው ከሌላው ሰው ዝምታ ይከብዳል። የልጅቷ ዓይን ውሃ ሞላ።

ዳኛዋ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምስክር ሲሰሙ የኖሩ ናቸው። ዝም የሚል ምስክር የሚደብቀው ነገር እንዳለ ያውቃሉ። ሰላጣ ሁለተኛ ጊዜ ለራሳቸው አነሱ፣ ሹካውን አስቀመጡ፣ እጃቸውን አጣመሩ።

"መምህር፣ በግልጽ እንነጋገር። ከመጣን ጀምሮ አንድ ቃል በቅጡ አልተናገሩም። ልጃችንን ካልወደዱት እዚሁ ይንገሩን። ሳይወደድ የሚገባ ልጅ የለኝም።"

መምህሩ ቀና አለ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሊመልስ ነበር፤ "እወደዋለሁ" ሊል ነበር። ግን በዚያችው ቅጽበት ከዳኛዋ ሳህን ጠርዝ፣ ከሰላጣው ቅጠል ሥር፣ አንዲት የጥፍር ያህል የምታክል ቀንድ አውጣ ብቅ አለች። ሁለቱን ዘንጎቿን ቀስ አድርጋ ዘረጋች፣ ወደ ክብርት ዳኛዋ እጅጌም ጉዞ ጀመረች። መምህሩ ታገለ። ፊቱ ቀላ፣ የጠረጴዛውን ልብስ ጨመደደ፤ አልሆነለትም።

"ዓይን አውጣ!" አለ፣ ጣቱን ወደ ዳኛዋ ቀስሮ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የልጅቷን እጮኛ ሾርባው ትን አለው። ቀያሹ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ቀሩ። ዳኛዋ ከተመረቁበት ቀን ጀምሮ እንዲህ ብሎ የጠራቸው ሰው አልነበረም፤ ሊጠራቸው የፈለገም እስር ቤት እንደገባ ነው።

"ምን አሉኝ?"

መምህሩ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። ለማስረዳት ግን ስለ ለስላሳ እንስሳ መናገር ነበረበት፣ ስለ ለስላሳ እንስሳ ደግሞ አንዲት ቃል ላይናገር ቃል ገብቷል። አንዲቷን አስቀድሞ አውጥቷታል። ሚስቱን አየና ከንፈሩን ገጠመ።

ዳኛዋ ቦርሳቸውን አነሱ። ልጅቷ "አባዬ!" አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። ያን ጊዜ አዋላጇ ብድግ አለች። ምጥ ሲጠና እንደምትቆመው ቆመች።

"ክብርት ዳኛ፣ ይቀመጡ። እርስዎን አይደለም። ሳህንዎን ይመልከቱ።"

ዳኛዋ ተመለከቱ። ቀንድ አውጣዋም ዳኛዋን ተመለከተች።

"እሷን ነው ዓይን አውጣ የሚላት" አለች አዋላጇ። "ሰው ሁሉ ቀንድ አውጣ ይላል፣ እሱ ቀንድ አይደለም ይላል። እውነቱን ነው! እስቲ ጫፉን ይዩት፣ ያቺ ጥቁር ነጥብ ዓይን ናት። በታቹ ያሉት ማሽተቻ ናቸው። ምላሷ ላይ በሺህ የሚቆጠር ጥርስ አለ፤ ሰላጣዎን እንደ ሞረድ ፍቃ ነው የምትበላው። ወንድም ሴትም ናት፣ ሁለቱንም። ሲጋቡ ሁለቱም ያረግዛሉ፤ እኔ በሙያዬ ስንት ባል እንደዚያ ቢሆን ብዬ ተመኝቻለሁ! ማንንም አትወጋም ይላል እሱ፣ ግን ይዋሻል። አንዳንዶቹ ሲዋደዱ ትንሽ ቀስት አውጥተው ይዋጋሉ። ለፍቅር ነው።"

ትቀመጣለች ብለው ሲጠብቁ አልተቀመጠችም። ቃሉ ራሱ እየመጣ ነበር። ሉል እንዴት እንደሚሠራ ነገረቻቸው። ሦስት ልብና ሰማያዊ ደም ያላት አለች አለቻቸው። በምላጭ ስለት ላይ ሳትቆረጥ የምትሄድ፣ ድርቅ ሲመጣ በሯን ዘግታ ዝናብ የምትጠብቅ አለች አለቻቸው። ሳታስበው ድምፅዋ የእሱን ድምፅ ይዟል፤ እጇን እንኳ እንደ እሱ ታወናጭፋለች።

"እኔ አዋላጅ ነኝ" አለች። "ስንት እናት አይቻለሁ። እንደ ኦክቶፐስ ያለች ግን አላየሁም። እንቁላሎቿን አንዴ ከጣለች ወዲያ አትወጣም፣ እህል አትቀምስም። ውሃ እየነፋችባቸው፣ እያጸዳቻቸው ትቀመጣለች። እነሱ ሲፈለፈሉ እሷ አልቃለች። ይህን የነገረኝ ልጄን አርግዤ ሳለሁ ነው። አልቅሻለሁ። ዕቃ እያጠብኩ ስለነበር አላየኝም።"

"አይቼሻለሁ" አለ መምህሩ ቀስ ብሎ።

አዋላጇ ፊቷ ጋለ። ዕድሜዋን ሙሉ "አሁንስ በቃህ!" ስትል የኖረችው ነገር አንድም ሳይጎድል እንዴት ውስጧ እንደተቀመጠ እሷም አልገባትም።

ክብርት ዳኛዋ መነጽራቸውን አደረጉ። ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው፣ በትንሿ ጣታቸው የአንዱን ዘንግ ጫፍ ነካ አደረጉ። ዓይኗ ወዲያው ወደ ውስጥ ተጠቀለለች፤ ሁለተኛዋም ተከተለች፤ ቀጥሎ መላ አካላቷ ዛጎሏ ውስጥ ገባ። ዳኛዋ ጠበቁ። ከብዙ ማመንታት በኋላ አንደኛዋ ዓይን ጥቂት ብቅ አለችና መልሳ ተደበቀች።

"መምህር፣ ክርክርዎን ሰምቻለሁ" አሉ ዳኛዋ። "ቀንድ አይደለም፣ ዓይን ነው፤ ይህን ተቀብያለሁ። ዓይን አውጣ ናት የሚሉትን ግን ማስረጃው አይደግፍም። ይቺ ዓይን አፋር ናት።" መነጽራቸውን አውልቀው መምህሩን አዩት። "እንደ እርስዎ።"

መጀመሪያ የሳቁት ቀያሹ ናቸው። ከዚያ እጮኛው፣ ከዚያ ልጅቷ እንባዋን እየጠረገች። መምህሩ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በክርክር ተረታ።

"አሁን ይናገሩ" አሉት ዳኛዋ። "ችሎቱ ፈቅዷል። ልጄን ወደውታል ወይስ አልወደዱትም?"

መምህሩ ሚስቱን አየ። እሷ ራሷን ነቀነቀች።

"ወድጄዋለሁ" አለ። "ዝም ያልኩት ስለ ታዘዝኩ ነው። ግን ባልታዘዝም ዛሬ ብዙ የምናገር አይመስለኝም።" ዛጎሏን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ብርሃኑ አነሳት። "ለስላሶቹ ሲያድጉ ቤት አይቀይሩም። ከጠርዙ እየጨመሩ ያሰፉታል እንጂ። ይቺ መሐል ላይ ያለችው ጥቅልል ስትፈለፈል ይዛት የወጣችው ናት። የተወለደችባት ክፍል ናት። የትም ብትሄድ፣ የቱንም ያህል ብታድግ፣ ያቺ ክፍል አብራት አለች።" ልጁን አላያትም፤ ቢያያት ኖሮ አይጨርሰውም ነበር። "ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ይህን ነው ለራሴ የምነግረው።"

ልጅቷ ተነስታ ከኋላው አንገቱን አቀፈችው። አንድ ሰው አፍንጫውን በሶፍት ሲናፈጥ ተሰማ፤ ቀያሹ ነበሩ።

ቀኑ እዚያው ተቆረጠ። እጮኛው በጋ ይሁን ሲል ዳኛዋ እምቢ አሉ። "ዝናብ ሲጀምር ይሁን" አሉ ኮታቸውን እየለበሱ። "የመምህሩ ወገን በድርቅ ጊዜ በሩን ዘግቶ ይተኛል አሉ። የሙሽሪት ዘመድ ሳይገኝ ሠርግ የለም።" ደረጃው ላይ ቀያሹ ወደ ኋላ ቀረት ብለው መምህሩን "ያቺ ሦስት ልብ ያላት ግን…" ሲሉት ተሰማ፤ ታች ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አዋላጇ ሳህን ስታጥብ መምህሩ ያደርቃል። ቀንድ አውጣዋ በመስኮቱ ደፍ ላይ አንድ የሰላጣ ቅጠል ተሰጥቷት ምሳዋን ቀጥላለች።

"አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም" አለ። "አንቺ ሰላጣ ሦስቴ ነው የምታጥቢው፤ ቀዶ ጥገና ልትገቢበት ይመስል። እንዴት አመለጠችሽ?"

አዋላጇ የታጠበውን ሳህን ደግማ ታጥበው ጀመር። ይህችን እስከ መጨረሻው ያቆየናት በእሷ ልመና ነው።

"አላመለጠችኝም" አለች። "ጠዋት ነው ያገኘኋት። በመስኮት ልወረውራት እጄን አንስቼ ነበር።"

"እሺ?"

"ሁለተኛ ፎቅ ነው። ዛጎሏ ይሰበራል። እንግዶቹ ሲሄዱ ጎመኑ ላይ አደርሳታለሁ ብዬ እዚህ አስቀመጥኳት። ለካ የሰላጣው ሳህን አጠገቧ ነበር።"

መምህሩ ፎጣውን እንደያዘ ቆመ። በመስኮቱ ብርሃን ጆሮው ቀልቶ ይታያል። "ልትወረውሪያት ነበር፤ ምን ከለከለሽ?" አለ፤ መልሱን እያወቀው።

"ምን ላድርግ፣ አፍጥጣ አየችኛ!" አለች ሚስቱ፣ ጀርባዋን እንዳዞረች። "ዓይን አውጣ!"